ጋሽ ኪሎ ፈትል ሲጀምር

የአራሚዋ ባል ጡረታ የወጣው ሰኞ ዕለት ነው። ማክሰኞ ጠዋት የኩሽናቸው ሚዛን በስድስት ግራም እንደሚዋሽ ደረሰበት። ረቡዕ የሳሎኑ ፎቶዎች እኩል እንዳልተሰቀሉ አረጋገጠና መዶሻ ይዞ ዋለ። ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አራሚዋ የሹራብ ከረጢቷን አንግታ ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆሞ፣ "ስንት ሰዓት ነው የምትመለሺው? በትክክል?" አላት። ያኔ ነው ልቧ ድንግጥ ያለው።

ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት የገበያ ሚዛን ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። የሚዛን ድንጋዮቹን በሣጥን ይዞ ሱቅ ይገባል፣ ባለሱቁን ላብ ያጠምቀዋል፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያስቀምጣል፤ መርፌዋ ከመስመሯ ትንሽ ፈቀቅ ካለች ሚዛኑን አሽጎ ይወጣል። ባለሱቆቹ በሌለበት "ኪሎ" ይሉት ነበር። ጡረታ ሲወጣ ፊት ለፊት "ጋሽ ኪሎ" አሉት፤ እሱም መሥሪያ ቤቱ ከሰጠው የምስጋና ወረቀት ይልቅ ይህንን ወደደው። እሷ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች፤ የሰው ስህተት ስትፈልግ ዓይኗን የጨረሰች ሴት ናት። ከእሱ አራት ዓመት ቀድማ ነው ጡረታ የወጣችው። ሁለት ስህተት ፈላጊዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይህን ያህል ዘመን በሰላም የኖሩት በሌላ ተአምር አይደለም፤ ቀን ቀን አይገናኙም ነበር።

የሐሙሱ ነገር እንዲህ ነው። በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አለ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ ከመንገዱ እኩል የሆኑ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉት፤ በመስኮቶቹ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። እዚያ አምስት ሴቶች በየሳምንቱ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሹራብ ይሠራሉ ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አንድ ስካርፍ ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል። አውቶቡስ ሹፌሯ ካልሲ ትሠራለች፤ አንዱን እግር ትጨርስና ሁለተኛውን ሳትጀምር ወደ ሌላ ቀለም ትሻገራለች። ጥርስ ሐኪሟ ጭራሽ ሹራብ አትሠራም፤ ጥሬ ሱፍ ጠቅልላ በመርፌ ስትወጋጋው ትውላለች፣ ሱፉም እየጠጠረ ሄዶ ድመት ወይም ጉጉት ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ ሰው የወጋችው አልበቃት ብሎ። አዋላጇ ጡረተኛ ናት፣ ከሁሉም ትልቅ ናት፤ እጇ ሳታይ ይሠራል፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። የዚያ ክፍል ዋናው ምርት ወሬ ነበር። ከወሬውም ግማሹ ስለ ባሎች ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሊቀመንበር አልነበራቸውም፣ ቃለ ጉባኤ አልነበራቸውም፣ ያረፈደም የቀረም አይጠየቅም። አራሚዋ የማንም ሚስት፣ የማንም እናት፣ የማንም ሠራተኛ ሳትሆን የምትቀመጥበት ቦታ በዓለም ላይ ያ ክፍል ብቻ ነበር። በሳምንት ሁለት ሰዓት። ብዙ አልጠየቀችም መቼም።

ጥፋቱ የሐኪሙ ነው። ጋሽ ኪሎ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ደም ግፊቱ ጨመረና ሐኪሙ፣ "እጅዎን የሚያስይዝ፣ ጭንቅላትዎን የሚያሳርፍ ነገር ይፈልጉ" አለው። ሰውዬው የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው፤ እንደ ክኒን ቆጠረው። ዓሣ ማጥመድ ያስብና ወንዙ ሩቅ ይሆናል። አትክልት ያስብና በረንዳቸው አንድ ሜትር ከሃያ ነው፤ ለክቶታል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና፣

"ያ ሐሙስ ሐሙስ የምትሄጂበት ነገር" አላት፣ "ወንድ ይቀበላሉ?"

አራሚዋ "አይቀበሉም" ብትል ውሸት ነው፤ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ደንብ እኮ ጭራሽ የላቸውም። "እንጃ" አለች።

"እንጃ" ማለት ለሌላ ሰው "አትምጣ" ማለት ነው። ለሚዛን ተቆጣጣሪ ግን "ሄደህ አጣራ" ማለት ነው።

ሐሙስ ከእሷ ጋር መጣ። ሴቶቹ እንግዳ ሲያዩ አፋቸውን ዘግተው መርፌ መርፌያቸውን ብቻ ተመለከቱ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙ ሹራብ የተሠራው ያን ቀን ነው። እሱ የተሰጠውን ክር ከመጀመሩ በፊት መጠቅለያ ወረቀቱን አነበበ። "ሃምሳ ግራም፣ መቶ ሃያ ሜትር" ይላል። ከኪሱ ሜትር አወጣና ክሩን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋ፣ እየዘረጋ፣ ሁለቱን ሰዓት ጨረሰ።

"መቶ አሥራ ሰባት ከአርባ" አለ በመጨረሻ፣ ቀና ብሎ። "ስንት ዘመን ስትታለሉ ኖራችኋል?"

ሴቶቹ ተያዩ። ሹፌሯ በእውነት ተናደደች። "እኔ ሁለተኛው እግር ሁልጊዜ የሚያጥረኝ ለካ ለዚህ ነው!" አለች፤ ሁለተኛውን እግር አንድም ቀን ጀምራ አታውቅም። አራሚዋ ያኔውኑ ነገሩ እንዳበቃላት ገባት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኪሎ የፋብሪካ ክር አልነካም አለ። እውነተኛ ክር ከተፈለገ ራሱ ይፈትለዋል። አንድ ጆንያ ጥሬ የበግ ሱፍ አስመጣ። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አጠበው፤ ቤቱ ለሁለት ሳምንት ዝናብ የመታው በግ ሸተተ። ሱፉን በብረት ጥርስ ማበጠሪያ አበጠረ፣ ባዘተ፣ ከዚያ እንዝርት ይዞ ሳሎን መሀል ቆመ። እንዝርቷ በወደቀች ቁጥር መሬቱን ገላመጠው። የመጀመሪያ ሳምንት ክሩ አንድ ቦታ ላይ የጣት ውፍረት፣ ሌላ ቦታ ላይ የፀጉር ቅጥነት ነበረው፤ ሲያዩት ሆድ ያባባል። አራሚዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ታየው ነበር።

እሷ መፍተል ታውቃለች። ያሳደገቻት አክስቷ በሱፍ ፈትል የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ አራሚዋ ፊደል ሳትቆጥር ነው እንዝርት የያዘችው። ይህንን ለባሏ ነግራው ታውቅ ይሆናል፣ ላታውቅም ትችላለች፤ ጠይቋት ግን አያውቅም። በሁለተኛው ሳምንት ክሩ እየተስተካከለ ሲመጣ አላስቻላትም።

"ስማ" አለችው። "ነጠላውን እንዲሁ አይሠሩበትም። ሁለቱን ፈትል አንድ ላይ ይዘህ ወደ ተቃራኒው ካልገመድከው ክሩ አያርፍም። ሹራቡ ይጣመምብሃል።"

ከእንዝርቱ ቀና አላለም። "ሁለት ክር ማለት ሁለት ስህተት ማለት ነው። አንዱን አስተካክዬ ከሠራሁት ሁለተኛው ለምን ያስፈልገኛል?" ከዚያ ግን ፍትሐዊ ሰው ነውና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና ጻፈ። አሻግራ አነበበችው፤ የአራሚ ዓይን የተገለበጠ ጽሑፍም ያነባል። "የባለቤት አስተያየት፦ ክሩ ድርብ ይሁን። ተመርምሮ ውድቅ ሆኗል" ይላል፣ ከነቀኑ።

አራሚዋ አንድ ነገር ሁለቴ የምትናገር ሴት አይደለችም። በማተሚያ ቤትም እንዲሁ ነበረች፤ በቀይ አንዴ ታሰምራለች፣ አልሰማም ያለ ደራሲ እንደ ፍጥርጥሩ። "ውድቅ ይሁን እንግዲህ" አለችና ወደ ኩሽና ገባች።

ጋሽ ኪሎ በሁለት ወር ውስጥ ፈታይ ወጣው። አናጺ ዘንድ ሄዶ የመፍተያ መንኮራኩር አሠራ፣ መንኮራኩሩ ላይ የብስክሌት ቆጣሪ ገጠመ። በአንድ ሳንቲሜትር አራት ዙር ተኩል፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። በየአሥር ሜትሩ ቆርጦ ይመዝናል፣ በአጉሊ መነጽር ያያል። ክሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ ጠበቅ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ሴት በባሏ ላይ እንዲህ ባለ ጊዜ መናደድ እንኳ አያምርባትም፤ አራሚዋ ግን ተናደደች።

ክፍሉ ውስጥ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ሴቶቹ ወደዱት። የሚወዛወዘውን ጠረጴዛ እግር አስተካከለላቸው። የማይዘጋውን መስኮት ዘጋላቸው። ሻይ በትልቅ ፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ለእያንዳንዷ እኩል ይቀዳል፤ እኩል ሲባል እኩል ነው። በአራተኛው ሐሙስ ጥርስ ሐኪሟ፣ "ጋሼ ሊቀመንበር ቢሆኑስ?" አለች፣ ሁሉም እጁን አወጣ። አራሚዋም አወጣች፤ ባሏን በአደባባይ ስትቃወም እንዴት ትታይ? በአምስተኛው ሐሙስ አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው ደንብ ይዞ መጣ። አንቀጽ አራት፣ በሥራ ሰዓት ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ጭውውት ከአሥራ አምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ያዛል። አራሚዋን እንዲያርም ሰጣት። አንድ የተሳሳተ ነጠላ ሰረዝ አገኘችበት፤ ሌላው ሁሉ ትክክል ነበር፣ በጣም ትክክል።

ከአዋላጇ አጠገብ የነበረው የእሷ ወንበር የእሱ ሆነ፤ "ብርሃኑ እዚያ ጋ ነው" አለ። አዋላጇም የወሊድ ክፍል ጨዋታዋን ተወች፤ ወንድ ባለበት አይወራማ። ስለ ባል ማውራትማ ቀረ። አራሚዋ ሐሙስ ሐሙስ ከቤቷ ወጥታ፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ፣ ደረጃ ወርዳ፣ እንደገና ቤቷ ትገባ ጀመር። አንዲት ሐሙስ ከክፍሉ ሲወጡ ሹፌሯ ክንዷን ይዛ፣ "ታድለሽ፣ ጋሼን የመሰለ ሰው!" አለቻት። "ውሰጂው" ልትላት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ የታደሰው የንባብ አዳራሹን ሊያስመርቅ የተነሣው በዚህ መሀል ነው። ኃላፊዋ ለትልቁ ግድግዳ በእጅ የተሠራ መጋረጃ መሰል ነገር እንዲሰቀል ፈለገች። ጋሽ ኪሎ ለዚህ የተፈጠረ ነው። አርባ ስምንት ካሬ ሹራብ፣ እያንዳንዱ ሃያ አምስት በሃያ አምስት፣ ሲጋጠም ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል፤ ክሩን በሙሉ እሱ ይፈትላል። ካሬዎቹ እንዳይበላሹ ደግሞ ጣውላ ላይ ሚስማር መትቶ ማስጠበቂያ ሠራ። አንድ ካሬ ከመርፌ እንደ ወረደ አራቱ ጥግ በሚስማር ተወጥሮ እዚያው ይቆያል፣ ንክች አይደረግም።

በሁለተኛው ሳምንት አራሚዋ ግማሽ የደረሰ ካሬዋን ከፍ አድርጋ አየችው። ጎኑ ቀጥ አላለም። ወደ ግራ ዘምሟል፤ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ቆመ ሰው። ያላረፈ ክር ነው፣ አክስቷ ብታየው አሽቀንጥራ ትጥለው ነበር። መናገር ያለባት ያኔ ነው። ከአርባ የሚበልጥ ካሬ ገና አልተጀመረም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ዙሪያዋን አየች። ሹፌሯ ፊቷን ቅጭም አድርጋ የራሷን ካሬ በሁለት እጇ ወደ ቀኝ ትጎትታለች። ጥርስ ሐኪሟ ጉጉቷን ትታ ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌ ይዛለች፣ የሠራችውን በጉልበቷ ሥር ትደብቃለች። እያንዳንዷ ጥፋቱ የራሷ እጅ መስሏታል። ጋሽ ኪሎ ሳያይባቸው እየተሽቀዳደሙ ሚስማሩ ላይ ይወጥሩታል፤ ከተወጠረ በኋላ ደግሞ ሁሉም ካሬ ነው። የጋሼ ክር ሊሳሳት አይችልማ! አዋላጇ እንኳ፣ "እጄ አረጀ መሰለኝ" ብላ በሹክሹክታ ነገረቻት።

"አይዞሽ" አለቻት አራሚዋ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያወቀች ያሳለፈችው አንድ ስህተት የለም። በትኩሳት ታማ እንኳ ገጽ ተመልሳ ቆጥራለች። አሁን ካሬዋን ጨረሰች፣ ጣውላው ላይ ወጠረች፣ ቀጣዩን ጀመረች። ደስ ደስ አላት። ያች ደስታ ምን እንደምትመስል አትጠይቁ፤ አታምርም። ይውደቅ፣ አለች በልቧ። ሁሉም ፊት ይውደቅና ወደ ቤቱ ይግባ፣ እኔም ወንበሬን ላግኝ። አራት ወር ሙሉ ይህችን ደስታ ይዛ ሠራች፤ አሥር ካሬ ከእሷ እጅ ወጣ፣ አሥሩም ጠማማ።

የምረቃው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጋሽ ኪሎ ጠዋት ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ መጥቶ መስቀያውን ዘንግ እኩል አደረገ። ካሬዎቹን ሴቶቹ ዓርብ ዕለት ጣውላው ላይ እንዳሉ ሰፍተዋቸዋል። ሰቀሉት፣ በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት፣ ለሦስት ሰዓት ያህል እንደተሸፈነ ቆየ። ሦስት ሰዓት ለከረረ ክር ብዙ ጊዜ ነው።

ከማዘጋጃ ቤት የመጡት ሹም ስለ ንባብ ሃያ ደቂቃ ተናገሩና ጨርቁን ሳቡት። ጭብጨባ ተጀምሮ መሀል ላይ ቀዘቀዘ። መጋረጃው ከላይ ዘንጉን ይዟል፣ ከታች ግን ተነሥቶ ወደ ግራ ሄዷል፤ የታችኛው ጥግ ተጠቅልሎ የመስኮቱን ግማሽ ይሸፍናል። አጠገቡ ያለው የመጽሐፍ መደርደሪያ ቀጥ ብሎ የቆመ አዲስ ነገር ነው፣ እሱ ባይኖር እንኳ ትንሽ ይሻል ነበር። አንድ ሽማግሌ አንባቢ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ቆዩና፣ "ወለሉ ነው?" አሉ። ሹሙ፣ "ዘመናዊ ነው፣ ዘመናዊ" ብለው ብቻቸውን አጨበጨቡ።

ጋሽ ኪሎ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ሰው ሁሉ እያየው ሄዶ ለካ።

"ሠላሳ አራት ሳንቲሜትር" አለ። ድምፁ አይሰማም ነበር። በሠላሳ ሦስት ዓመት ሥራው በአንድም ሱቅ እንዲህ ያለ ስህተት አላገኘም።

አራሚዋ የጠበቀችው ሰዓት ይኸው ነበር። ደስታዋ መጣችም፤ እንደ ማስነጠስ መጥታ ሄደች። ሹፌሯን አየቻት። በሕይወቷ የጀመረችውን ስትጨርስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፣ አሥራ አንድ ካሬ፤ ባልደረቦቿን ከነደንብ ልብሳቸው ይዛ መጥታ "ያ የእኔ ነው፣ ያም የእኔ ነው" ልትል ጣቷን ቀስራ ነበር። ጣቷን አጠፈች። ከዚያ መሀረብ ፈለገች። አራሚዋ ይህቺን ሴት አልቆጠረቻትም ነበር። ማንንም አልቆጠረችም ነበር፤ ስሌቷ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በቀጣዩ ሐሙስ መጋረጃው ምድር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ኃላፊዋ ማክሰኞ ጠዋት አንባቢ ሳይገባ ነው ያወረደችው። ማንም መርፌ አልያዘም። ጋሽ ኪሎ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጥፋቱ የማንም እጅ አይደለም" አለ። "ክሩ ነው። ክሩ የእኔ ነው። ባለቤቴ ነግራኝ ነበር።" ደብተሩን ገልጦ ከነቀኑ አነበበው፣ "ውድቅ ሆኗል" የሚለውንም ሳይዘል። "ዛሬ ሊቀመንበርነቱንም፣ መምጣቱንም ትቻለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ሴቶቹ፣ "ኧረ ጋሼ!" "ኧረ ይተዉ!" አሉ። አዋላጇ ግን አልተንጫጫችም። ሕፃን ሲዘገይ ሰዓት የምትቆጥር ሴት ናት።

"ቆይ እስቲ፣ መቼ ነው የነገረችዎት?"

"ካሬዎቹ ሳይጀመሩ። ገና መፍተል ስማር።"

አዋላጇ ወደ አራሚዋ ዞረች። "ታዲያ አንቺ፣ እጄ አረጀ ብዬ ስነግርሽ 'አይዞሽ' ነው ያልሽኝ?"

አራሚዋ የሚያድናት ዓረፍተ ነገር ነበራት። "አንዴ ነግሬው እምቢ አለ" ብትል ልክ ነው፤ ፊደሉ ሁሉ የተስተካከለ ነው። እሷ ግን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሥር ስታሰምር የኖረች ሴት ናት፣ ምን እንደሚደበቅበት ታውቃለች። ጠረጴዛውን ያዘች።

"በሁለተኛው ሳምንት መርፌዬ ላይ ሲዘም አየሁት" አለች። "ዝም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እሱ እንዲወድቅ ፈልጌ። እናንተን አላሰብኳችሁም። እጅሽ አላረጀም፣ እትዬ። የማንም እጅ ምንም አልሆነም።"

በመስኮቱ ስንት ጫማ እንዳለፈ እንጃ። ሹፌሯ፣ "አሥራ አንድ ካሬ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። መፍትሔ ያመጣችው ጥርስ ሐኪሟ ናት፤ የታመመ ነገር ሲያዩ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልለመደባትም።

"በፈላ ውሃና በሳሙና እንሸው" አለች። "ሱፍ ነው፤ ከታሸ ተኮማትሮ ይጠጥራል፣ ጨርቅ ይሆናል። ጨርቅ ከሆነ በኋላ በመቀስ ቀጥ አድርገን ብንቆርጠው አይተረተርም። ያንሳል እንጂ ይሰቀላል።"

"እሷንም አብረን ብንቀቅላት" አለች አዋላጇ። ማንም አልሳቀም፤ አዋላጇም ለሳቅ አላለችውም። ከዚያ ግን ከአጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችው፣ አራሚዋ ወዳለችበት። "የሚቀጥለው ሐሙስ ገንዳ ይዘሽ ነይ። ስታሺ ትውያለሽ፣ ክንድሽ እስኪገነጠል።"

ወደ ቤት ሲሄዱ ጋሽ ኪሎ ፔርሙዙን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይራመድ ነበር። ሁለቱንም መንገድ ተሻገሩ። ፎቃቸው ደረጃ ሥር ሲደርሱ ቆመ።

"ሐሙስን ብቻሽን ብትፈልጊው" አላት፣ "ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር። ደስ ብሎኝ።"

ቁጣዋ እንደ አዲስ ግንፍል አለ። "ከመቼ ወዲህ ነው ሐሙስ ያንተ ሆኖ የምትሰጠኝ? የገዛ ራሴን ነገር ነው የምለምንህ?"

ለዚህ መልስ በደብተሩ ውስጥ የለም። የደረጃውን ብረት ይዞ ቆይቶ፣ ፊቷን ሳያይ መናገር ጀመረ።

"ሐሙስ ማታ ማታ ከዚያ ስትመጪ ፊትሽ ሌላ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ። በሌላ ቀን እንደዚያ ሆነሽ አላይሽም። ምን አለ እዚያ እል ነበር። ጡረታ ስወጣ… ልይ ብዬ ነው የመጣሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ሐኪሙንም ሰበብ ነው ያደረግሁት።"

አራሚዋ ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ አርማለች፣ ይህን ሰው ግን አንብባው አታውቅም።

"ታዲያ አየኸው?" አለችው በመጨረሻ።

"አይ።" ፔርሙዙን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "እኔ ስገባ ጠፋ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ጎረቤት አየ አላየ አላለችም። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፣ ምን ያህል ራቅ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት ሳያውቅ።

"አሁን ምን ላድርግ?" አላት።

"ቤት ቆይ" አለችው፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። "ስመጣ ታየኛለህ።"